የደጋ ገንቦ በመስታወት ቤት

በኮለምበስ፣ ኦሃዮ ከሃያ ዓመት በላይ ተቀምጫለሁ። በየዓመቱ የመጀመሪያው በረዶ ሲጥል ከታካሚዎቼ አንዱ በርኅራኄ ዓይን እያየኝ፣ ከአፍሪካ የመጣ ሰው ይህን ብርድ እንዴት እንደሚችለው መጠየቁ አይቀርም። ደብረ ብርሃን ተወልዶ ላደገ ሰው ይህ ጥያቄ የሚያስቅ ነው። ወደ 2800 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ በተቆረቆረችው በዚያች ከተማ፣ በጥቅምትና በኅዳር ማለዳ ሣሩ ውርጭ ለብሶ ሲያብረቀርቅ እያየን በጋቢ ተጀቡነን ትምህርት ቤት የምንሄድ ልጆች ነበርን። እኔን በዚህ አገር የሚያስጨንቀኝ የጥር በረዶ ሳይሆን የሐምሌ ሌሊት ነው፤ ፀሐይ ከገባች በኋላ እንኳ አልበርድ የሚለው፣ እርጥብ ጨርቅ ፊት ላይ የጣሉ ያህል ትንፋሽ የሚያሳጥረው ሌሊት።

ፈረንጆች «ትሮፒክ» የሚሉት የምድር ወገብ ዙሪያ ሁሉ ሞቃት ነው የሚለው እምነት ሥር የሰደደ ነው። የእኛ ገበሬ ግን ፊደል ሳይቆጥር ምድሩን ቆላ፣ ወይና ደጋ፣ ደጋ፣ ውርጭ ብሎ ከከፈለ ዘመኑ አይታወቅም። ከማሽላ ማሳ ተነሥቶ በአንድ ቀን መንገድ ገብስ የሚታጨድበት አፋፍ ላይ መድረስ እንደሚቻል፣ ለአንዱ ያለው እህል ለሌላው እንደማይሆን ልጁ ሳይቀር ያውቃል። ይህ ዕውቀት የጎደላቸው፣ ወይም ከሚንቁት ሰው መማር ያልፈለጉ የ19ኛው መቶ ዓመት እንግሊዛውያን አትክልተኞች፣ ከሩቅ ተራሮች በብዙ ድካም ያስመጧቸውን ዕፅዋት በእሳት ጠብሰው ፈጁ። እኔ የምጽፈው ከእነዚያ መካከል ስለ አንዱ ወገን ነው። ወገኑን በቤቴ ምድር ቤት አሳድገዋለሁና ነገሩ ከመጽሐፍ ያነበብሁት ብቻ አይደለም። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አስቀድሞ ስም ያስፈልጋል። በአማርኛ የወጣለት ስም ስለማላውቅ ራሴ «ባለገንቦ» ብዬዋለሁ። ቅጠሉ ጫፉ ላይ እንደ ሐረግ ይረዝማል፤ የሐረጉ መጨረሻ ወደ ላይ ይቀለበስና እያበጠ ሄዶ ክዳን ያለው፣ ከንፈሩ ወደ ውጭ የተጠቀለለ፣ ውስጡ ፈሳሽ የያዘ ዕቃ ይሆናል። እንስራ እንዳልለው እንስራ ሰፊ ሆድ አለው፤ ጀበና እንዳልለው አፍንጫ የለውም። የሚቀርበው ገንቦ ነው። ስለ አመጋገቡ «ነፍሳት በል» የሚለው ስያሜ ትክክል ቢሆንም አልወደድሁትም፤ በአማርኛችን ትንኝና ዝንብም ነፍሳት ናቸው፣ ካህኑ በፍታት የሚጸልይላቸውም ነፍሳት ናቸውና፣ እንዲህ ያለ ተክል አለኝ ያልሁ ዕለት ጸበል የሚያመጣልኝ ወዳጅ አላጣም። በትንኝና በዝንብ የሚኖሩ ሌሎች ዕፅዋት በአገራችንም አሉ፤ ጥቃቅን ፊኛዎች ያሉት ዩትሪኩላሪያ የሚባለው የውሃ ተክል በኢትዮጵያ ሐይቆችና ረግረጎች ይገኛል። ባለገንቦው፣ በሳይንስ ስሙ ኔፔንቴስ፣ ግን አገሩ ሌላ ነው፤ ከማዳጋስካርና ከሲሼልስ ተነሥቶ እስከ ሰሜን አውስትራሊያና ኒው ካሌዶኒያ ይዘልቃል። እስካሁን ከታወቁት ከ160 በላይ ዝርያዎች አብዛኞቹ የቦርኔዮ፣ የሱማትራና የፊሊፒንስ ተወላጆች ናቸው። አሳዳጊዎቹም ዛሬ ልክ እንደ እኛ ገበሬ ቆላና ደጋ ብለው ይከፍሏቸዋል፤ ድንበሩም በግምት 1000 ሜትር ከፍታ ላይ ነው። እዚህ ክፍፍል ላይ ለመድረስ ግን ብዙ ዓመት፣ ብዙም ሬሳ ጠይቋል።

ስለዚህ ተክል በአውሮጳ መጀመሪያ ያሳተመው በማዳጋስካር የፈረንሳይ ገዥ የነበረው ኤቲየን ደ ፍላኩር ነው፤ ዓመቱ 1658። የአገሩ ሰዎች መንገድ ሲሄዱ ይህን ተክል ከመቅጠፍ ይጠነቀቁ ነበር፤ በዚያ ቀን ዝናብ ያመጣል ብለው። ፍላኩር እኛ ቀጠፍነው፣ አልዘነበምም ሲል መዝግቧል። ይህችን አጭር ወሬ ባነበብሁ ቁጥር የቀጣዩ ሁለት መቶ ዓመት ታሪክ በሙሉ ውስጧ ያለ ይመስለኛል፤ አንዱ ወገን አትንካ ይላል፣ ሌላው ነክቶ ምንም አልሆንሁም ይላል፤ ማንም ግን አንዱ ሌላውን ለምን እንዲህ አልህ ብሎ አይጠይቅም።

ስሙን ያወጣው ስዊድናዊው ካርል ሊኔየስ በ1737 ነው። ሊኔየስ ራሱ ሐኪም ነበር። ቃሉን የወሰደው ከሆሜር ነው፤ በኦዲሴ ሔለን እንግዶቿ በጦርነት ያጡአቸውን ወዳጆች አስበው ሲያለቅሱ አይታ፣ ከግብፃዊት ሴት ያገኘችውን መድኃኒት በወይን ትበጠብጥላቸዋለች። ፔንቶስ በግሪክኛ ኀዘን ነው፤ ኔፔንቴስ ኀዘን አስወጋጅ ማለት ነው። መድኃኒቱን የጠጣ ሰው እናትና አባቱ ቢሞቱበት እንኳ ያን ቀን እንባ ከዓይኑ አይወርድም ይላል ታሪኩ። ሊኔየስ ይህን ተክል ከረጅም ጉዞ በኋላ ያገኘ ሰው በአድናቆት ድካሙን ሁሉ ይረሳል ብሎ ስሙን ሰጠው።

ስያሜው ያማረ ነው፤ መድኃኒቱን ግን ለወገኖቼ አላዝዝም። በስደት አገር የሚኖር ኢትዮጵያዊ ሐኪም ከሥራዎቹ አንዱ ለመርዶ መጠራት ነው። ከሌሊቱ ወደ ማለቂያው ላይ ሽማግሌዎች በአንድ ሰው በር ይሰበሰባሉ፤ የደም ግፊት ወይም የስኳር ሕመም ያለበት እንደ ሆነ ዶክተሩም አብሮ ይቁም ይባላል። እኔ ቦርሳዬን ይዤ ከኋላ እቆማለሁ። ብዙ ጊዜ በማስታገሻ መርፌ እንዳስተኛቸው ከዘመድ ተጠይቄአለሁ፤ አስገዳጅ ካልሆነ በስተቀር አላደረግሁትም። በእናቱ መርዶ ዕለት ያላለቀሰ ሰው፣ እርሙን ያላወጣ ሰው፣ በሦስት ወሩ ደረቱን እየያዘ ወደ ክሊኒኬ ሲመጣ አይቻለሁ፤ ልቡ በመሣሪያ ሲታይ ደኅና ነው። የሔለን መድኃኒት ለአንድ ማታ ግብዣ ይሆን ይሆናል እንጂ ለሰባት ቀን ሐዘን አይሆንም።

እኔ ኔፔንቴስን መጀመሪያ ያየሁት በሌኒንግራድ ነው። በ1988 ለሕክምና ትምህርት ተልኬ በሄድሁባት በዚያች ከተማ፣ ታላቁ ጴጥሮስ በ1714 የመድኃኒት ዕፅዋት ማብቀያ አድርጎ ያቋቋመው የዕፅዋት ቦታ አለ፤ የቆመባት ደሴት እስከ ዛሬ የመድኃኒት ቀማሚዎች ደሴት ትባላለች። ለእኛ ለአፍሪካ ተማሪዎች በክረምት መሞቂያችን ነበር። በ1941 እና 42 ክረምት፣ ጀርመኖች ከተማይቱን ከበው በነበረ ጊዜ፣ የመስታወት ቤቶቹ ጣሪያ በቦምብ ንዝረት ረግፎ አብዛኞቹ የሞቃት አገር ዕፅዋት በአንድ ጊዜ በውርጭ አልቀዋል፤ ራባቸውን ችለው ጥቂት ተክሎችን በየቤታቸው ወስደው ያተረፉ ሠራተኞች ነበሩ። ስለዚህ መስታወት ቤት ማለት በሌኒንግራድ ሙቀት ማለት ነበር፤ ሙቀትም ሕይወት ማለት። ተክልን ከብርድ ማዳን እንጂ ከሙቀት ማዳን የሚባል ነገር አለ ብሎ በዚያ የሚያስብ ሰው አይገኝም ነበር።

ወደ ዋናው ታሪክ እንግባ። ቦርኔዮ ላይ ኪናባሉ የሚባል 4095 ሜትር ከፍታ ያለው ተራራ አለ፤ ከራስ ዳሸን የሚያንሰው በጥቂት መቶ ሜትር ነው። በዙሪያው ለሚኖሩት ለዱሱን ሕዝቦች ተራራው የሙታን ማረፊያ ነው፤ ዶሮ ሳይታረድ፣ ተገቢው ቃል ሳይነገር አይወጣም። አድባር ለሚያውቅ አንባቢ ብዙ ማብራራት አያሻኝም። በ1851 የእንግሊዝ ቅኝ አስተዳደር ሹም የነበረው ሂው ሎው ወደዚህ ተራራ ወጣ፤ በ1858 ደግሞ ከስፔንሰር ሴንት ጆን ጋር ተመለሰ። መንገዱን የመራቸው የኪያው መንደር አለቃ ሌማይንግ ነው። በጉም ተሸፍነው የሚውሉት ገደሎች ላይ ያገኟቸው ባለገንቦዎች እስከዚያ ጊዜ ከታዩት ሁሉ የበለጡ ነበሩ፤ በአንደኛው ገንቦ ውስጥ ሰጥማ የሞተች አይጥ ማግኘታቸውን ሴንት ጆን ጽፏል። በለንደን ጆሴፍ ሁከር በ1859 ስም አወጣላቸው። ታላቋ ለሳራዋክ ነጭ ንጉሥ ለጄምስ ብሩክ መታሰቢያ ራጃ ተባለች፤ ሌላዋ ለሎው ሎዊ፣ ሦስተኛዋም በላቡዋን ገዥ ስም ኤድዋርድሲያና። የተራራው ጫፍም የሎው ጫፍ፣ ገደሉም የሎው ገደል ተብሎ ቀረ። በሌማይንግ ስም የተጠራ ቅጠል የለም። በእኛም አገር ነገሩ ከዚህ አልተለየም፤ ኮሶ የሚባለውን የደጋ ዛፍ አባቶቻችን ለትል ሲጠጡት ኖረው፣ በሳይንስ መዝገብ የገባው ሀገኒያ ተብሎ በአንድ ጀርመናዊ ስም ነው። አቢሲኒካ የሚል ቅጥያ ስለ ተጨመረለት እናመስግን።

ተክልን በሕይወቱ ከአገር አገር ማሻገር የተቻለው በአንድ ሐኪም ምክንያት ነው። ናትናኤል ዋርድ በለንደን ምሥራቅ ድሆች ሠፈር የሚያክም ሰው ነበር፤ በከሰል ጢስ ምክንያት የአትክልት ቦታው ሁሉ ይደርቅበት ነበር። በ1829 የእሳት ራት ሙሽሬ በአፈር ውስጥ አድርጎ በተከደነ ጠርሙስ አስቀመጠ፤ ከአፈሩ ማንም ያልዘራቸው ሣርና ፈርን በቀሉ፤ ለዓመታትም ያለ ተጨማሪ ውሃ ኖሩ። በ1833 ወደ ሲድኒ የተላኩ ሁለት የመስታወት ሣጥኖች በውስጣቸው ያሉትን ተክሎች በሕይወት አደረሱ። ከዚያ ወዲህ ሻይ ከቻይና ወደ ሕንድ፣ ለወባ መድኃኒት የሚሆነው ሲንኮና ከአንዲስ ተራሮች ወደ እስያ የተጓዘው በዋርድ ሣጥን ነው።

ሲንኮናን ካሻገሩት አንዱን፣ ክሌመንትስ ማርካምን፣ አንባቢ በሌላ መንገድ ያውቀው ይሆናል፤ በ1868 ከናፒየር ጦር ጋር መቅደላ የወጣው፣ የዘመቻውንም ታሪክ ያሳተመው ያው ሰው ነው። በ1860 ከፔሩ ያወጣቸው ችግኞች ሕንድ ከመድረሳቸው በፊት በሱዌዝ በኩል ቀይ ባሕርን ማቋረጥ ነበረባቸው፤ የዚያ ባሕር ሙቀት ሣጥኖቹን ምጣድ አደረጋቸውና ተክሎቹ ከመከራው አላገገሙም። በሌሎች እጅ የመጡት ግን ጸደቁ፤ የተተከሉትም በሕንድ ሜዳ ሳይሆን በኒልጊሪ ተራሮች፣ ደጋ ላይ ነው። ይህን አስተውሉልኝ። መንግሥት ለወታደሮቹ ኪኒን በፈለገ ጊዜ ከፍታ ምን እንደሚያደርግ ጠንቅቆ ያውቅ ነበር። ጀርመናዊው ሁምቦልትም ተራራ ሲወጣ ዕፅዋት በእርከን እንደሚለዋወጡ ከ1807 ጀምሮ በሥዕል አሳይቶ ነበር። ዕውቀቱ በቤተ መጻሕፍት ነበረ፤ ለጌጥ ተክል የሚያስመጣው ጌታና ለእርሱ የሚያነደው አትክልተኛ ግን አላነበቡትም፤ ቢያነቡም የሚመለከታቸው አልመሰላቸውም።

እንግሊዞች ለሞቃት አገር ዕፅዋት የሚሠሩትን ቤት «ምድጃ» ብለው ይጠሩት ነበር፤ ሌላ ማስረጃ አያስፈልግም። በድንጋይ ከሰል የሚፈላ ውሃ በብረት ቧንቧ እየዞረ ቀንም ሌሊትም ያሞቀዋል፤ መስኮት አይከፈትም። የቆላ ኦርኪድና የቆላ ባለገንቦ በዚህ ውስጥ ተመችቷቸው አደጉ። የደጋዎቹ ግን አንድ ሁለት ዓመት ቅጠል ያወጣሉ፤ ገንቦው እያነሰ ይሄዳል፤ ከዚያም ይጠወልጋሉ። አትክልተኛው በርዷቸው ነው ብሎ ከሰል ይጨምራል። ሐኪም እንደ መሆኔ ይህን ስሕተት አውቀዋለሁ፤ ሕመምተኛው የማይድነው መድኃኒቱ ስላነሰው ነው እየተባለ መጠኑ የሚጨመርበት፣ በሽታው ግን ራሱ መድኃኒቱ የሆነበት ጊዜ አለ። ኦርኪድ ወዳዱ ጄምስ ቤትማን በ1860ዎቹ የደጋ ኦርኪዶችን በቀዝቃዛ ቤት አሳድጉ ብሎ ሲወተውት በመጠኑ ተሰማ። የባለገንቦዎቹ ተራ ግን ዘገየ።

የለንደኑ ታዋቂ የችግኝ ነጋዴ ቤት፣ ቪች፣ በ1877 ፍሬድሪክ በርቢጅ የሚባል ሰው ወደ ቦርኔዮ ላከ። በርቢጅ ኪናባሉን ወጥቶ ራጃን አመጣ፤ ተክሏ በለንደን ብዙ ተደነቀች፣ ተሸለመችም። ዕድሜ ግን አላገኘችም። በ1905 ከቪች የመስታወት ቤቶች የመጨረሻዎቹ ራጃዎች አልቀው ነበር፤ በአየርላንድ በግላስኔቨን የቀሩትም ብዙ አልቆዩም። እነዚህ ሰዎች ሰነፎች አልነበሩም፤ በዘመናቸው ከእነርሱ የበለጠ የእጅ ጥበብ የነበረው አትክልተኛ የለም። የጎደላቸው ሌሊቱ ነው። ኪናባሉ 2000 ሜትር ላይ ቀኑ እንደ አዲስ አበባ ነው፤ ፀሐይ ሲወጣ ይሞቃል፣ ጉም ሲመጣ ይቀዘቅዛል፤ ሌሊቱ ግን ወደ 12 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይወርዳል። ተክል ቀን በብርሃን የሠራውን ስኳር ሌሊት በመተንፈስ ያወጣል፤ ሙቀቱ በጨመረ መጠን ትንፋሹ ይፈጥናል፣ ወጪውም ይበዛል። ሌሊቱ ከሞቀበት ቀን ያገኘውን ሌሊት ጨርሶ ያድራል። ሩጫ ላይ ያለ ሰው አልጋ ላይ ተኝቶ እንደ ማለት ነው። ለዚህ ነገር ኪያው መንደር ሄዶ በሌሊት ምን ደርባችሁ ትተኛላችሁ ብሎ መጠየቅ ይበቃ ነበር።

በዚህ መካከል ሳይንሱ ወደ ገንቦው ሆድ አተኩሮ ነበር። ሁከር በ1874 ቤልፋስት ላይ በተደረገ ጉባኤ፣ በገንቦዎቹ ውስጥ የእንቁላል ነጭ፣ ጥሬ ሥጋና ልምአጭ አጥንት ከትቶ እንደ ተፈጩ ማየቱን አስታወቀ፤ በዓመቱ ወዳጁ ዳርዊን ስለ ነፍሳት በል ዕፅዋት መጽሐፉን አሳተመ። ተክል ሆድ አለው ማለት ለጊዜው ሰው ድንጋጤ ነበር። ዛሬ ፈሳሹ ውስጥ ያለው ኔፔንቴሲን የተባለ ኤንዛይም ከእኛ ጨጓራ ፔፕሲን ጋር ዘመዳሞች መሆናቸው ታውቋል። ስንዴ ውስጥ ያለውን ግሉተን መፍጨት መቻሉ ስለ ታየ፣ ስንዴ ለማይስማማቸው ሕመምተኞች ይረዳ እንደ ሆነ በቤተ ሙከራ ተመርምሯል። (እነዚያ ሕመምተኞች እስከዚያው እንጀራ ቢበሉ የተሻለ ነው፤ ጤፍ ግሉተን የለውም፤ እዚህ አገር ብዙ ቦታ ገብስና ስንዴ እየቀላቀሉ እንደሚጋግሩት ግን ልናስጠነቅቃቸው ይገባል።)

ልጃቸውን ሊጠይቁ ከጎንደር የመጡ አንዲት እናት ምድር ቤቴ ወርደው ተክሎቹን ካዩ በኋላ «ለመሆኑ በዐርብ ይጾማል?» አሉኝ። «እማማ፣ በሁዳዴም አይጾም» ብላቸው፣ «እንግዲያስ እስላሙም ክርስቲያኑም አይደለም» ብለው ነጠላቸውን አጣፉ። ሎዊ የተባለችውን ዝርያ ነገር ባወራላቸው ኖሮ ምን ይሉ እንደ ነበር እንጃ። በ2009 በወጣ ጥናት፣ የሎዊ ያደጉ ገንቦዎች ነፍሳት ማጥመድ ትተው የአንድ ሽኮኮ መሰል የተራራ አውሬ መጸዳጃ ሆነው እንደሚያገለግሉ ታወቀ። አውሬው ከክዳኑ ሥር የሚወጣውን ጣፋጭ ነገር እየላሰ ገንቦው ላይ ይቀመጣል፤ ኩሱ ውስጥ ይወድቃል፤ ቅጠሉ ከሚያስፈልገው ናይትሮጅን ከ57 እስከ 100 በመቶ የሚሆነውን ከዚያ ያገኛል። የሴንት ጆን አይጥም ምናልባት ልትጸዳዳ መጥታ አዳልጧት ይሆናል።

የአንደኛው የዓለም ጦርነት የመስታወት ቤቶቹን ዘመን ዘጋው። ከሰሉም ሠራተኛውም ለጦር ሜዳ ተፈለገ። ባለገንቦዎቹ ዳግመኛ ሰው ቤት መግባት የጀመሩት ከመቶ ዓመቱ አጋማሽ በኋላ ነው፤ ያን ጊዜም አገባባቸው ብዙውን ጊዜ ከተራራ እየተነቀሉ ነበር። ራጃ በ1981 ዓለም አቀፍ ንግዷ በሳይቲስ ስምምነት ታገደ፤ በ1987 ደግሞ መላው የኔፔንቴስ ወገን ያለ ፈቃድ ከአገር አገር እንዳይሻገር ቁጥጥር ተደረገበት። ከዚያ ወዲህ ትልቁን ለውጥ ያመጣው ቲሹ ካልቸር ነው፤ ከአንዲት ፍሬ በጠርሙስ ውስጥ በሺህ የሚቆጠር ችግኝ ይገኛል። የቪች ቤት ለባለጠጎች ብቻ ይሸጠው የነበረውን ዘር ዛሬ አንድ ደመወዝተኛ በጥቂት አሥር ዶላሮች ገዝቶ በፖስታ ይቀበላል። የሚገዛ ሰው ችግኙ በእርባታ የተገኘ መሆኑን መጠየቅ አለበት፤ ከተራራ መንቀል ዛሬም አልቆመም።

የኦሃዮ ቤቶች አንድ በረከት አላቸው፤ ምድር ቤት። የእኔ በክረምት ከ15 ዲግሪ ብዙም አይርቅም። በአንድ ማዕዘን የብረት መደርደሪያ አቁሜ በወፍራም ላስቲክ ጋርጄዋለሁ፤ ኤል.ኢ.ዲ. አምፖሎች በቀን 12 ሰዓት ይበራሉ፤ የምድር ወገብ ቀንና ሌሊት እኩል ነውና። መብራት ሲጠፋ በትንሿ የምድር ቤት መስኮት ላይ የገጠምሁት ማራገቢያ የደጁን አየር ይስባል፤ 12 ዲግሪ ሲደርስ መቆጣጠሪያው ያቆመዋል። ኮለምበስ ከጥቅምት እስከ ሚያዝያ ይህን ቅዝቃዜ በነፃ ትሰጣለች፤ ወጪው ያለው ከሰኔ እስከ መስከረም ነው፤ አየር ማቀዝቀዣው ሌሊቱን ሙሉ ይሠራል። ባለቤቴ የመብራት ሒሳቡን አይታ፣ በዚህ ገንዘብ በየዓመቱ አገር ቤት ደርሰን እንመለስ ነበር ትለኛለች። የተጋነነ ቢሆንም መልስ አላገኘሁለትም።

ሌላው ቀላል ነው። ሥሩ ጥቂትና ደካማ ስለሆነ በአፈር አይተከልም፤ ረጅሙን ስፋግነም ከፐርላይት ጋር ደባልቄ እተክለዋለሁ፤ እርጥብ ይሁን እንጂ ውሃ አይቋጠርበት። ማዳበሪያ ሥሩ ላይ አይደረግም፤ ድሀ አፈር የለመደ ነውና ይታመማል። ዋናው ውሃው ነው። የቧንቧችን ውሃ የኖራ ድንጋይ ካለበት ምድር የሚመጣ ስለሆነ ጨው ያከማችበታል፤ ስለዚህ የዝናብ ውሃ በበርሜል አጠራቅማለሁ፤ በክረምትም በረዶ በባልዲ አስገብቼ አቀልጣለሁ። አየሩ ከ70 በመቶ በላይ እርጥበት ካጣ ቅጠል ይወጣል እንጂ ገንቦ አይወጣም። ጀማሪ በራጃ አይጀምር፤ አዝጋሚ ናት፣ ትዕግሥትም ትጠይቃለች። የፊሊፒንሷ ቬንትሪኮሳና የማላያዋ ሳንጒኔያ የሰው ቤት ሌሊት ትንሽ ቢሞቅም ይችላሉ። ገንቦው ማበጥ ከጀመረ ክዳኑ እስኪከፈት ሳምንታት ይፈጃል፤ በልጅ ጣት አይነካ። ምግብ በወር አንድ ሁለት ደረቅ ፌንጣ ይበቃዋል፤ ሥጋ የሚሰጥ ሰው ገንቦውን ያበሰብሰዋል።

ይህን ሁሉ ማሰናዳት የማይፈልግ የኮለምበስ ነዋሪ ፍራንክሊን ፓርክ ይሂድ። በ1895 የተከፈተው የመስታወት ቤት እስከ ዛሬ ቆሟል፤ ከታከሉለት ክፍሎች አንዱም ለሂማላያ ተራራ ዕፅዋት የተመደበ ነው። ተራራን በመስታወት ቤት ለብቻው ማኖር የቪች ሰዎች ያላሰቡት ነገር ነበር።

ከከተማው በስተ ምሥራቅ፣ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ደግሞ ማንም ያላስመጣው ባለገንቦ አለ። በቀለምና በሥራ የሚመሳሰሉ ቢሆኑም ከኔፔንቴስ ጋር ዘመድ አይደሉም፤ ሳራሴኒያ ይባላል፤ የቀዝቃዛ ረግረግ ተወላጅ ነው። ስሙ የአንድ ስደተኛ ሐኪም ነው። ሚሼል ሳራዛን በ1685 ከፈረንሳይ ወደ ኩቤክ ተሻግሮ የንጉሡ ሐኪም የሆነ ሰው ነበር፤ በወታደርና በመነኮሳት ሕሙማን መካከል እየተመላለሰ ዕፅዋት ይሰበስብና ወደ ፓሪስ ይልክ ነበር፤ የላከውን ይህን ተክል ቱርንፎር በ1700 በስሙ ጠራለት። በ1861 ኖቫ ስኮሺያ ላይ የሚክማቅ ሕዝቦች የዚህን ተክል ሥር ለፈንጣጣ እንደሚያጠጡ አንድ ሐኪም አሳወቀ፤ በእንግሊዝ ተሞክሮ አልሠራም ተባለና ተረሳ። በ2012 የወጣ የቤተ ሙከራ ጥናት ግን ጭማቂው የፈንጣጣ ወገን የሆኑ ቫይረሶችን መራባት እንደሚያግድ አሳይቷል። ሰው ላይ የተረጋገጠ ነገር የለም፤ የሚክማቅ ባለመድኃኒቶች ግን ተራ ተረት አላወሩም።

ይህ ሳራሴኒያ በባክአይ ሐይቅ ውስጥ በምትንሳፈፍ ደሴት ላይ ይበቅላል። ቦታው ጥንት፣ የበረዶው ዘመን ሲያልፍ የተወው ረግረግ ነበር፤ በ1830 ለኦሃዮና ኤሪ ቦይ ውሃ ለማጠራቀም ሲገደብ ሸለቆው በሙሉ ሰጠመ፤ የስፋግነሙ ምንጣፍ ግን ከሥሩ ተገንጥሎ ከነነዋሪዎቹ ወደ ላይ ተንሳፈፈ። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ደሴቷ ለረግረግ ተክል በማይስማማ ውሃ ተከባ ዳርዳሯ እየተቆረሰ ነው፤ ሲጀመር ወደ 20 ሄክታር ትጠጋ የነበረችው አሁን ከአራት ሄክታር አትበልጥም። ለደሴቷ ዳርቻ የከበዱ ዛፎች ሲወድቁ ሥራቸው የያዘውን ምንጣፍ ይዘው ይሄዳሉ። መግቢያው በፈቃድ ብቻ ነው፤ የሚደረሰውም በጀልባ ነው። በሰኔ ሲያብብ አበባው ቀይ ነው፤ አንገቱን ደፍቶ፣ ገንቦዎቹም በሥሩ የዝናብ ውሃ ሞልተው፣ ክዳናቸው ክፍት።